ማታ ሃሪ እውነት ሰላይ ነበረች?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣ እኔ ፒያሳ ነው የምሰራው፣ ባለፈው ከመስሪያ ቤት ልጆች ጋ ማኪያቶ እየጠጣን ስለ ዳንሰኛዋ ማታ ሃሪ ወሬ ተነሳና ተከራከርን። አንዱ «በሷ የተነሳ 50,000 ወታደር አልቋል» አለ፣ ሌላዋ ደሞ «ምንም ያላረገች ምስኪን ናት» አለች፣ እኔ መሀል ቀረሁ። እስቲ እውነቱን ንገሩን። እህታችሁ ከፒያሳ

መልስ፦ እህቴ፣ 50,000 የሚለው የከሳሾቿ ቃል ነው፣ በማስረጃ ያሳየ የለም። «ምንም አላረገችም» የሚለውም ልክ አይደለም፣ የጀርመን ብር ተቀብላለች። እኔን ከጠየቅሽኝ ግን ፈረንሳዮች ሞት የፈረዱባት በአኗኗሯ ነው።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ትክክለኛ ስሟ ማርጋሬታ ዜለ ነው፣ በ1876 ሆላንድ ሌዋርደን ከተማ ተወለደች፣ አባቷ የባርኔጣ ነጋዴ ነበር ከሰረ፣ እናቷ በ14 ዓመቷ ሞተችባት፣ 18 ዓመቷ ላይ ጋዜጣ ላይ ሚስት እፈልጋለሁ ብሎ ማስታወቂያ ያወጣ መኮንን አገባችና ያኔ የሆላንድ ቅኝ ወደነበረችው ኢንዶኔዥያ ይዟት ሄደ። ሰውዬው ጠጪና ተደባዳቢ ነበር፣ ወንድ ልጃቸው ገና በ2 ዓመቱ ሞተ፣ ሲለያዩ ደሞ ሴቷ ልጅ አባትየው ጋ ቀረች። ፓሪስ የገባችው እንግዲህ ባዶ እጇን ነው። በ1905 ጊሜ ሙዚየም ውስጥ የምስራቅ የተቀደሰ ዳንስ ነው ብላ ልብሷን እየጣለች ጨፈረች፣ ህንድ ቤተ መቅደስ ውስጥ ነው ያደኩት አለች፣ አውሮፓ አመናት፣ ጣሊያን ሚላን፣ ላ ስካላ የሚባለው ኦፔራ ቤት ድረስ ሄዳ ጨፍራለች።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ሆላንድ ገለልተኛ ስለነበረች እሷ ከአገር አገር መዞር ትችል ነበር፣ ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ሆላንድ ያለው የጀርመን ቆንስል 20,000 ፍራንክ ሰጣትና ኤች 21 የሚል ኮድ አወጡላት፣ እሷ ግን ጀርመኖች ለወሰዱብኝ የፀጉር ካፖርት ካሳ ነው ብዬ ነው የተቀበልኩት፣ ምንም አልሰራሁላቸውም ብላለች። ከዛ በ1916 ካፒቴን ላዱ የሚባል የፈረንሳይ ስለላ ሰው ለኛ ስሪ አላት፣ ቫዲም ማስሎቭ የሚባል ወጣት የሩሲያ መኮንን አፍቅራ ስለነበር ከሱ ጋ ለመኖር ብር ያስፈልጋታልና እሺ አለች። ማድሪድ ሄዳ የጀርመኑን ወታደራዊ አታሼ (የኤምባሲውን የጦር ተወካይ) ቀረበችው፣ እሱ ደሞ ስለ ኤች 21 ወደ በርሊን በሬዲዮ መልእክት ላከ፣ የመልእክቱን ሚስጥራዊ ኮድ ግን ፈረንሳዮች ቀድመው ሰብረውት ነበር። ጀርመኖች ሆን ብለው ነው ያስበሏት የሚሉ የታሪክ ሰዎች አሉ፣ እኔም ወደዛ አደላለሁ።

የተያዘችው ፌብሩዋሪ 13፣ 1917 ነው፣ ንግሥት ዘውዲቱ እዚሁ እናንተ ሰፈር ጊዮርጊስ ዘውድ በጫኑ በሁለተኛው ቀን ማለት ነው። በዛ ዓመት የፈረንሳይ ጦር ያደረገው ትልቅ ማጥቃት ከሽፎ ወታደሩ አልዋጋም ብሎ አምጿል፣ ህዝቡ ተማሯል፣ ጥፋቱ የሚላከክበት ሰው ያስፈልግ ነበር፣ የውጭ አገር ሴት፣ ያውም ብዙ ወዳጅ ያላት ዳንሰኛ ስትገኝ ማን ይምራታል? ችሎቱ ወታደራዊና ዝግ ነበር፣ በሁለት ቀን አለቀ፣ አብዛኛው ክርክር ከማን ጋ አደረች የሚል ነው፣ ይሄን ሳነብ ያናድደኛል። ኦክቶበር 15 ፓሪስ ዳር ቫንሴን ላይ 12 ወታደሮች ፊት አቆሟት፣ ዓይኔን አትሸፍኑኝ አለች፣ 41 ዓመቷ ነበር። ለፈረንሳይ የመለመላት ላዱም ብዙ ሳይቆይ ራሱ በስለላ ተጠርጥሮ ታስሯል፣ በኋላ ነፃ ወጣ።

ጥያቄ፦ ልጇስ ምን ሆነች? አንባቢ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ እናትየው በተገደለች በሁለተኛው ዓመት፣ በ1919፣ በድንገት ሞተች፣ ገና 21 ዓመቷ ነበር። የእናቷንም አስከሬን የጠየቀ ስላልነበረ ለህክምና ትምህርት ቤት ነው የተሰጠው። የክሱን ማህደር የፈረንሳይ ጦር በ2017 ለህዝብ ክፍት አርጎታል፣ ከናንተ መሀል ፈረንሳይኛ የሚያነብ ካለ ክርክራችሁን ከሱ ጀምሩት።