ፕሮጀክቱን የሚሰራው ልጁ ነው ወላጁ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ፣ 4ኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ማሰብና መፍጠር ይልመዱ ብዬ ፕሮጀክት እሰጣለሁ ግን የሚመጣልኝ እናትና አባት አምሽተው የሰሩት ያማረ ሞዴል ነው፣ ልጁን እንዴት ሰራኸው ስለው ዝም። በግሩፕ ሳደርገው ደሞ አንዱ ጎበዝ ይሰራና ሌሎቹ ስማቸውን ያስጽፋሉ። ፖርሽኑም (በተርሙ ማለቅ ያለበት ትምህርት) አላልቅ አለኝ። ልተወው?

መልስ፦ ሰላም መምህር፣ እባክዎ እንዳይተዉት። ችግሩ ያለው ጥያቄው ላይ ይመስለኛል። "የሶላር ሲስተም ሞዴል ሰርታችሁ ኑ" ሲባል መልሱ መጽሐፉ ላይ አለ፣ ለልጁ የሚቀረው ካርቶን ቆርጦ መለጠፍ ነው፣ እሱን ደሞ ትልቅ ሰው ያሳምረዋል። ኪልፓትሪክ የሚባለው አሜሪካዊ መምህር እ.ኤ.አ. በ1918 ስለ ፕሮጀክት ሲጽፍ አጥብቆ የያዘው ነገር ስራው የልጁ የራሱ ዓላማ ይሁን የሚለውን ነበር።

እስቲ ይሄን ይሞክሩት። የምትንጠባጠብ ቧንቧ ካለች ልጆቹን ይውሰዱና "ይቺ በቀን ስንት ሊትር ታባክናለች?" ብለው ይጠይቋቸው። መጀመሪያ ሁሉም ግምቱን ይጻፍ (ይሄ እንዳይቀር፣ ያልገመተ ልጅ መልሱ አይገርመውም)። ከዛ እንዴት እንደሚለኩ እነሱ ይከራከሩ፣ አንዱ ጠብታ እንቁጠር ይላል ሌላዋ ኩባያ እናስቀምጥ ትላለች። በ10 ደቂቃ 50 ሚሊሊትር ከተጠራቀመ በሰዓት 300 ነው፣ በ24 ሰዓት 7.2 ሊትር። ሌላው ግሩፕ የተለየ ቁጥር ይዞ ከመጣ የማን ትክክል እንደሆነ እንዳይነግሯቸው! "እናንተ መቼ ለካችሁ? ኩባያው ሞልቶ ፈሶ ነበር እንዴ?" መባባል ሲጀምሩ ክሪቲካል ቲንኪንግ (አመዛዝኖ ማሰብ) የምንለው እሱ ነው፣ ቧንቧዋን በምን እናስቁማት ሲሉ ደሞ ፈጠራው ይመጣል።

ስራው ክፍል ውስጥ ይለቅ፣ ቤት ካልሄደ ወላጅ አይሰራውም። ግሩፑ ከ4 ልጅ አይብለጥ፣ የሚያቀርበውን ልጅ ደሞ በእጣ የዛኑ ሰዓት ይምረጡ፣ ማን እንደሚወጣ ካላወቁ ሁሉም ለመረዳት ይገደዳሉ። ማርኩንም ለመጨረሻው ውጤት ብቻ አይስጡ፣ ግምቱና ያልተሳካው ሙከራ ደብተር ላይ ካለ እሱም ማርክ ይያዝለት።

ፖርሽንን በተመለከተ ሁሉንም በፕሮጀክት ላስተምር ካሉ በርግጥም አያልቅም፣ ማባዛት ያልለመደ ልጅ ይቺን ስሌት አይወጣትም፣ ማባዛቱን ቁጭ አድርጎ ማስተማር ነው። በተርም አንድ ወይ ሁለት ጥሩ ፕሮጀክት ይበቃል። የመጀመሪያ ቀን ዝም ብለው ያዩዎታል፣ መልስ ከርስዎ መጠበቅ ስለለመዱ ነው፣ ትንሽ ይታገሷቸው።