የሊፍት ቲኬት በሰዓት ስንገዛ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

የምኖረው ዴንቨር አጠገብ ነው። ክረምት ሲገባ ቅዳሜ ቅዳሜ ጀማሪዎችን ስኪ፣ ማለትም በረዶ ላይ መንሸራተት፣ አስተምራለሁ። ስለ ሊፍት ቲኬት (ሊፍቱ ተራራውን ሽቅብ የሚያወጣችሁ ማመላለሻ ነው) የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ "ያላችሁን ሁሉ አምጡ" ብዬ ነበር፤ እናንተም አላሳፈራችሁኝም። ሰዓቱንም ዓመተ ምሕረቱንም የጻፍኩት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ቲኬቱ ላይ የምታዩት እሱን ነውና።

ከቨርጂኒያ፦ ባለ አራት ሰዓት ቲኬት ብገዛ መቁጠር የሚጀምረው ከመቼ ነው?

ከመክፈልዎ በፊት መጠየቅ ያለብዎት ይህንኑ ነው፤ ከቦታ ቦታ ይለያያልና። አንዳንዱ ሰዓቱ ቀድሞ የተወሰነ ነው። "የግማሽ ቀን" የሚባለው ቲኬት ብዙ ጊዜ ከ12:00 ወይም ከ12:30 ጀምሮ ሊፍቱ እስኪዘጋ ነው የሚያገለግለው። ሊፍቱ 4:00 ላይ የሚዘጋ ከሆነና እርስዎ 3:00 ላይ ከደረሱ፣ የቀረዎት አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ሌላው ዓይነት የቲኬቱ ካርድ ለመጀመሪያ ጊዜ በሊፍቱ በር ሲያልፍ መቁጠር ይጀምራል። ለገዢ የሚመቸው ይሄ ነው። ሦስተኛው ቲኬቱ ከታተመበት ደቂቃ ጀምሮ ይቆጥራል። እንዲህ ከሆነ መጀመሪያ ቦትና ስኪ ተከራይተው፣ ለብሰው፣ ሽንት ቤት ሄደው ከጨረሱ በኋላ ይግዙ። ቅዳሜ ጠዋት የኪራይ ሰልፍ ብቻውን አንድ ሰዓት ሊበላ ይችላል።

ከአውሮራ፦ እኔ፣ ባለቤቴና ሁለት ልጆቻችን የመጀመሪያችን ነው። ስንሄድ አይቀር የሙሉ ቀን ቲኬት ብንገዛስ?

እባክህ ወንድሜ፣ አትግዛ። ይሄን ስል ከልቤ ነው። ሀበሻ ቤተሰብ የሙሉ ቀን ከፍሎ ከምሳ በኋላ ካፌ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሳይ አንጀቴ ነው የሚቃጠለው።

የሙሉ ቀን ቲኬት ማለት ተራራው ላይ ያሉትን ሊፍቶች ሁሉ መጠቀም ማለት ነው። ጀማሪ ግን ከታች ያለው ሜዳ ይበቃዋል። እዚያ ያለው ብዙ ጊዜ መሬት ላይ የተዘረጋ የሚንቀሳቀስ ምንጣፍ ነው። ቆማችሁበት ቀስ ብሎ ያወጣችኋል፤ ከዚያ ተንሸራታችሁ ትወርዳላችሁ። ለዚህ ክፍል ብቻ የሚሆን ርካሽ ቲኬት የሚሸጡ ቦታዎች አሉ። ከዚህም የሚሻለው የጀማሪዎች ጥቅል ነው፤ ትምህርቱ፣ ኪራዩና የጀማሪ ሊፍቱ አንድ ላይ ይሸጣል። ላቭላንድ፣ ከአይዘንሃወር ዋሻ አጠገብ ያለው የስኪ ቦታ፣ ላቭላንድ ቫሊ የሚባል ለብቻው የሆነ የጀማሪዎች ቦታ አለው። ሽቅብ ቁልቁል የሚበር ሰው አያስደነግጣችሁም።

አሁን ጊዜውን እናስላ። የስኪ ቦት ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። መቆለፊያዎቹን አጥብቀህ ስትነሳ ቅልጥምህ ወደፊት ይገፋል፤ እንደለመድከው መራመድ አትችልም። ልጆች ካልሲ ደርበው ስለሚመጡ እግራቸው ይደነዝዛል፤ አንድ ቀጭን ረጅም ካልሲ በቂ ነው። ጂንስ ለብሶ የመጣ ደግሞ ሦስት ጊዜ ሲወድቅ ይረጥባል፣ ቀጥሎ ይቀዘቅዛል፣ ቀጥሎ "ወደ ቤት እንሂድ" ነው። በደንብ ለብሰው የመጡ ልጆች እንኳ በመጀመሪያ ቀናቸው ከሦስት፣ ከአራት ሰዓት በላይ አይገፉም። ስለዚህ የጠዋት ትምህርት፣ ምሳ፣ ትንሽ ልምምድ፣ ከዚያ ወደ ቤት።

ትንሹ ልጅህ አምስት ዓመት ካልሞላው ደግሞ ለሊፍት መክፈል ላይኖርብህ ይችላል። ብዙ ቦታ ነጻ ነው፤ ግን ቲኬቱን ከቲኬት መሸጫው መስኮት መውሰድ አለብህ።

ስትሄዱ በአይ-70 አውራ ጎዳና ስለሆነ የመኪናህን ጎማ እይ። ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ ባለው መንገድ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 መኪና በበረዶ እንዳይንሸራተት የወጣ የጎማ ሕግ አለ።

ከዴንቨር፦ ለምንድነው እንዲህ የተወደደው?

ቬይል የሚባለው ትልቁ የኮሎራዶ ስኪ ቦታ በከፍተኛ ወቅት የአንድ ቀን ቲኬት ከመስኮት ከ300 ዶላር በላይ ሆኗል። ኩባንያዎቹ የሚፈልጉት ክረምት ሳይገባ ፓስ፣ ማለትም አስቀድሞ የሚከፈልበት የመግቢያ ካርድ፣ እንድትገዙ ነው። በረዶ ጣለም አልጣለም ገንዘቡ ገብቶላቸዋል። ለአልፎ አልፎ ተጠቃሚ የሚሆነው የቬይል ኩባንያ ኤፒክ ዴይ ፓስ ነው፤ አንድ ቀን ብቻም መግዛት ይቻላል። የሌላ ኩባንያ የሆነው አይከን ሴሽን ፓስ ከሁለት ቀን ይጀምራል። ሁለቱም ክረምቱ ከመግፋቱ በፊት መሸጣቸው ያቆማል። ካመለጣችሁ ኢንተርኔት ላይ ቀደም ብላችሁ፣ በሥራ ቀን ፈልጉ። በዕለቱ መስኮት ላይ መግዛት የመጨረሻው አማራጭ ይሁን።

ከሜሪላንድ፦ የማታ ቲኬት ርካሽ ነው ሲሉ ሰማሁ። ይሻላል?

ለለመደ ሰው በጣም ጥሩ ነው። እናንተ አካባቢ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ያሉት ሊበርቲ፣ ራውንድቶፕና ዋይትቴል መብራት አብርተው ማታም ይሠራሉ። ከሥራ ወጥቶ መሄድ ይቻላል። ግን አንድ ነገር ልብ በይ፦ ቀን በፀሐይ የለሰለሰው በረዶ ማታ ተመልሶ ይጠጥራል። የስኪው ጠርዝ ጠልቆ አይዘውም፤ መውደቁም ያማል። ለመጀመሪያ ቀንሽ አልመክርሽም።

ካርዴን በሩ አላነብ ብሎኝ ሰልፉን ሁሉ አቆምኩት። ምን ላድርግ?

ካርዱን በግራ በኩል ባለው የጃኬትህ ኪስ ለብቻው አድርገው። የሚያነበው መሣሪያ ብዙ ጊዜ በግራ ነው። ስልክ፣ የመኪና ቁልፍ፣ የማስቲካ ብልጭልጭ ወረቀት አብሮት ካለ ንባቡን ይረብሻሉ። የባለፈው ዓመት ካርድ ኪስህ ውስጥ ተረስቶ ከሆነም በሩ ሊምታታ ይችላል። ቀይ ከበራ አንድ እርምጃ ወደኋላ በልና ቀስ ብለህ እንደገና ግባ። ካርዱን ማውጣት አያስፈልግም።

ሁለት ሰዓት ቢተርፈኝ ለወንድሜ ብሰጠውስ?

አይሆንም። ቲኬቱ የገዛው ሰው ብቻ ነው። በሩ ላይ ፎቶ የሚያይ ሠራተኛ አለ፤ ከተያዛችሁ ካርዱ ይሰረዛል።

ከዱባይ፦ እዚህ ያለው ስኪ ዱባይ ባለ ሁለት ሰዓት ነው የሚሸጠው። ይበቃል?

ይበቃል። ሞል ኦፍ ዘ ኤምሬትስ ውስጥ ያለው ይህ ቦታ በ2005 የተከፈተ ነው፤ ረጅሙ መውረጃ 400 ሜትር ያህል ነው። በሁለት ሰዓት ደጋግመሽ ትወርጂያለሽ። የሙሉ ቀንም አለ፤ ግን ውስጡ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ብዙ ሰው ቀድሞ ይበርደዋል። ዋናው ነገር ሌላ ነው፦ ፍጥነትሽን መቆጣጠርና መቆም ካልቻልሽ በዚያ ቲኬት ወደ ላይ አያስወጡሽም። ጀማሪ ከሆንሽ ቲኬት ሳይሆን ትምህርት ግዢ።

ሀበሻና ስኪ ግን ምን አገናኘው?

ሮቤል ተክለማርያም ኢትዮጵያን ወክሎ በ2006 ቶሪኖ፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር የክረምት ኦሊምፒክ ላይ ተወዳድሯል። የእሱ ስኪ ሜዳ ለሜዳ በራስ ጉልበት የሚኬደው ነው። ሊፍት የለውም፤ መግቢያውም ከሊፍት ቲኬት በብዙ ይረክሳል። ቁልቁለት የሚፈራ ካለ ከዚያ ይጀምር።

ንፋስ ሊፍቱን ቢዘጋው ገንዘቤ ይመለሳል?

አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም፤ በተለይ ሌሎቹ ሊፍቶች እየሠሩ ከሆነ። ስለዚህ ጠዋት ከቤት ከመውጣትሽ በፊት የቦታው ድረ ገጽ ላይ የትኞቹ ሊፍቶች እንደተከፈቱ እይ። ንፋስ መጀመሪያ የሚዘጋው የላይኞቹን ነው። ቲኬቱን ገና ካልገዛሽ መስኮቱ ላይ "ዛሬ የላይኛው ይከፈታል ወይ?" ብለሽ ጠይቂ። ሠራተኞቹ እውነቱን ይነግሩሻል።