የሕዋስ ዑደትን ለምትማሩ ወጣቶች

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን በማይክሮስኮፕ ሕዋስ ስመለከት የኖርኩ ሰው ነኝና፣ ስለ ሕዋስ ዑደት ስትማሩ የምዕራፎቹን ስም ከመሸምደዳችሁ በፊት ሕዋሱን በየምዕራፉ ምን እንደሚያስቆመው እንድትጠይቁ እመክራችኋለሁ። እኔ በተማሪነቴ ፕሮፌዝ፣ ሜታፌዝ፣ አናፌዝ፣ ቴሎፌዝ እያልኩ እንደ ዳዊት እደግም ነበር፤ ያ ሁሉ ድግምት ግን ሕዋሱ ለምን እንደሚከፈል አላስረዳኝም።

ማይቶሲስ፣ ማለትም እነዚህ አራት ምዕራፎች ያሉበትና ክሮሞሶሞቹ ለሁለት የሚካፈሉበት ክፍል፣ ለዓይን ስለሚማርክ ያታልላል። በላቦራቶሪ የሚያድግ የሰው ሕዋስ ዑደቱን ለመጨረስ 24 ሰዓት ገደማ ሲፈጅ፣ ማይቶሲስ የሚወስደው አንድ ሰዓት ያህሉን ብቻ ነው። በቀረው ጊዜ፣ ከላይ ሲታይ ሥራ የፈታ በሚመስልበት ኢንተርፌዝ፣ በጂ1 ያድጋል፣ በኤስ የ46ቱን ክሮሞሶሞች ዲኤንኤ አንድ ጊዜ ብቻ ይቀዳል፣ በጂ2 ለመከፈል ይሰናዳል።

ከምዕራፍ ወደ ምዕራፍ የሚያሻግሩት ሲዲኬ የተባሉ ኢንዛይሞች ሲሆኑ፣ ሳይክሊን የተባለ ፕሮቲን ካልተጣመራቸው አይሠሩም። ቲም ሀንት እ.ኤ.አ. በ1982 በአንድ እሾሃማ የባሕር እንስሳ እንቁላል ውስጥ ያስተዋለው፣ ይህ ፕሮቲን ቀስ በቀስ ተከማችቶ ሕዋሱ በሚከፈልበት ጊዜ ድንገት እንደሚፈርስ ነው። ሌላንድ ሃርትዌል ግን ጥያቄውን የጀመረው ከመቆም ነበር፤ ጂናቸው የተበላሸ እርሾዎች ዑደቱ የት ላይ እንደሚቋረጥባቸው መረመረ። ፖል ነርስ ደግሞ በተቃራኒው፣ ልጓም ጠፍቶባቸው ገና ሳያድጉ የሚከፈሉ ትንንሽ እርሾዎችን አገኘ። ሦስቱም በ2001 የኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል።

በጂ1 በር ላይ አርቢ የተባለው ፕሮቲን ሲዲኬ4 እና ሲዲኬ6 እስኪያነሡት ድረስ መንገዱን ዘግቶ ይቆያል። ዲኤንኤው ከተጎዳ ፒ53 የተባለው ፕሮቲን ሕዋሱን ያስቆማል፤ ጉዳቱ የማይጠገን ከሆነም ራሱን እንዲያጠፋ ያደርገዋል። በማይቶሲስም አንድ ክሮሞሶም እንኳ ከሚጎትቱት ክሮች ጋር በትክክል ካልተያያዘ ሌሎቹ ሁሉ ይጠብቃሉ፤ ይህን ትዕግሥት ባየሁ ቁጥር ዛሬም እደነቃለሁ።

ከሰው ካንሰሮች ግማሽ ያህሉ የፒ53 ጂን የተበላሸባቸው ናቸው። ለአንዳንድ የጡት ካንሰሮች የሚሰጠው ፓልቦሲክሊብ ሲዲኬ4ንና ሲዲኬ6ን በማገድ ሕዋሱን ጂ1 ላይ ያቆመዋል፤ አርቢ በጠፋበት ሕዋስ ላይ ግን መድኃኒቱ አይሠራም፤ ምክንያቱም የሚዘጋው በር ቀድሞውኑ ተነቅሏል።