ሥራዎን ከመልቀቅዎ በፊት የቅጥር ውልዎን ያንብቡ

ውድ ጠያቂያችን፣ «በአንድ ድርጅት የፋይናንስ ክፍል እየሠራሁ ማታ ማታ ልብስ እነድፋለሁ፤ ሥራዬን ልልቀቅ ወይስ ሁለቱን ጎን ለጎን ላስኬድ? 36 ዓመት ሞልቶኛልና ረፍዶብኝ ይሆን? ምን ዓይነት የስፌት መኪናስ ልግዛ?» ብለው ጠይቀዋል። እኔም ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በሂሳብ መዝገብና በመቀስ መካከል ስመላለስ የኖርኩ ነኝና የደረሰብኝ እንዳይደርስብዎ ልጻፍልዎ።

ዕድሜው አያስጨንቅዎ። ጣሊያናዊው የፋሽን ነዳፊ ጆርጆ አርማኒ ሕክምና መማር ጀምሮ የተወ ሰው ነበር፤ በስሙ የሚጠራውን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1975 ሲያቋቁም 41 ዓመቱ ነበር። ሥራዎንም አሁን አይልቀቁ። የሴቶች የውስጥ ልብስ የሚያመርተው የስፓንክስ መሥራች ሳራ ብሌክሊ የመጀመሪያውን ምርቷን ስታዘጋጅ ቀን ቀን የፋክስ ማሽን ትሸጥ ነበር። ደመወዝ ያለው ሰው ያልጣመውን ትእዛዝ አልቀበልም ለማለት አቅም አለው።

1. የቅጥር ውልዎን ዛሬውኑ አውጥተው ያንብቡ። በብዙ ውሎች ውስጥ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ሌላ ገቢ የሚያስገኝ ሥራ መሥራትን የሚከለክል አንቀጽ አለ፤ አንዳንዶቹም በድርጅቱ ሰዓትና ዕቃ የተሠራ ፈጠራ የድርጅቱ ነው ይላሉ። እኔ ይህን ሳላነብ፣ በኮምፒውተር ያዘጋጀሁትን የቀሚስ ፓተርን (ጨርቁ የሚቆረጥበትን የወረቀት ልክ) በቢሮው ማተሚያ በ32 ገጽ አትሜ፣ ቤቴ ወስጄ በማጣበቂያ አገጣጠምኩት። ሳገጣጥም 17ኛው ገጽ፣ የእጅጌው ኩርባ ያለበት፣ ጠፋ። ለካ ማተሚያው ላይ ቀርቷል። በማግስቱ የሰው ኃይል ክፍል ጠራኝ፤ ኮሪደር ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ካስጠበቁኝ በኋላ ኃላፊዋ ወረቀቱን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ «አንቺ የሂሳብ ባለሙያ ነሽ ወይስ ልብስ ሰፊ?» አለችኝ። ሁለቱንም ነኝ ማለት ሲገባኝ አንገቴን ደፋሁ፤ ዛሬም ድረስ የሚቆጨኝ ይህ ነው። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ በዚያ ዓመት ይደርሰኝ የነበረው እድገትም በዚሁ ቀረ። ከዚያ በኋላ ማመልከቻ አስገብቼ ፈቃዱን አገኘሁ። ነገሩን ይበልጥ የሚያናድደው፣ መልሱ የመጣው በአራት ቀን ውስጥ መሆኑ ነው። እርስዎ አንድ ቀሚስ እንኳ ሳይሸጡ በፊት ያመልክቱ፤ ቅጂውንም ቤትዎ ያስቀምጡ።

2. ጨርቁን ሳያጥቡ አይቁረጡ። ይህን የሥራው ባለቤቶች ሁሉ ያውቁታል፤ እኔም አውቀው ነበር፤ ነገር ግን የዓመቱ መጨረሻ የሂሳብ መዝጊያ ደርሶ ስለነበርና ከቢሮ የምወጣው ከመሸ በኋላ ስለሆነ፣ ለ24 ቀሚሶች የሚሆን የጥጥ ጨርቅ እንደመጣ በአንድ ሌሊት ቆረጥኩት። ገበሩ ፖሊስተር ነበር። ቀሚሶቹ ተሰፍተው ሲሰቀሉ ያኮሩ ነበር፤ ደንበኞች አጥበው ሲለብሷቸው ግን ጥጡ ተሰብስቦ፣ ገበሩ ባለበት ቀርቶ፣ ከጠርዙ በታች ሦስት ጣት ያህል እንደ ውስጥ ልብስ ተንጠልጥሎ ይታይ ጀመር። ጨርቅ ሲሸመን ድሩ፣ ማለትም በቁመት የሚሄደው ክር፣ ተወጥሮ ስለሚቆይ ውኃ ሲነካው ይላላል፤ በዚህ ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ከወርዱ ይልቅ ቁመቱ ያጥራል። አሁን ከእያንዳንዱ ጥቅል 50 በ50 ሴንቲሜትር ቆርጬ፣ ደንበኛዋ እንደምታጥበው አጥቤና ተኩሼ እለካለሁ። በቁመት 47 ሆኖ ከተገኘ 6 በመቶ ተሰብስቧል ማለት ነው፤ አንድ ሜትር የነበረው ቀሚስ 6 ሴንቲሜትር ያጣል። የ24ቱንም ገበር ፈትቼ በራሴ ወጪ አሳጠርኩ፤ ወር ሙሉ ቅዳሜና እሑዴን በላው። አንዲትም ደንበኛ አልሸሸችም፤ ይህን ስናገር ግን ትንሽ እንደምኩራራ አልክድም።

ከዚያ ወዲህ ከቢሮ መልስ መቀስ አልነካም። ማታ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ክር እለቅማለሁ፣ ለደንበኞች መልስ እጽፋለሁ፤ ቆረጣ ግን የቅዳሜ ጠዋት ሥራ ነው። ባለቤቴ ይህን እንደ ስንፍና ይቆጥረዋል፤ እርሱ ግን አንድም ጨርቅ አበላሽቶ አያውቅም፣ ቆርጦም አያውቅም።

የስፌት መኪናውን በተመለከተ፣ ቀጥ ያለና የዚግዛግ ስፌት አስተካክሎ የሚሰፋ ተራ መኪና ለጊዜው ይበቃዎታል። ባለ ብዙ ጥልፍ የሆነውን ውድ ዓይነት ገዝቼ ከሦስት ስፌት በላይ አልተጠቀምኩበትም። የሚተርፍዎትን ገንዘብ ጥሩ የእንፋሎት ካውያ ይግዙበት።