ፍሪሲዮኑን ከመቀየርዎ በፊት ሚኒሞውን ይመልከቱ

ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሞተር የገጠሙለት ብስክሌትዎ ነዳጅ ሳይሰጡት ወደ ፊት ይገፋዎታል፤ ዳገት ላይ ሲነሱ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ ጎማው እንደ ድሮው አይጎትትም፤ የተቃጠለ ነገር ሽታም አለው። የጠየቁት አዲስ ሴንትሪፉጋል ፍሪሲዮን (የሞተሩ ዙር ሲጨምር ራሱ ሞተሩን ከጎማው ጋር የሚያገናኝ ዕቃ) ልግዛ ወይስ ለሲጥሲጥታው ትንሽ ዘይት ልቀባው ብለው ነው። አሁን አይግዙ፤ ዘይት ደግሞ ፈጽሞ አያስጠጉት። ይህን የምለው እርስዎ የጻፉትን ምልክት አንድ በአንድ ስላየሁትና በሁለት ወር ውስጥ ሁለት ደህና ፍሪሲዮን በገዛ እጄ አቃጥዬ ስለጣልኩ ነው። ሦስተኛው አራተኛ ዓመቱን ይዟል፤ ያውም በዓይነቱ ከመጀመሪያዎቹ የተሻለ ሆኖ አይደለም።

አንደኛ፣ ሚኒሞውን፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጡት ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት፣ ይፈትሹ። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ የኋላውን ጎማ ከመሬት አንሥተው ነዳጅ ሳይሰጡት እንዲሠራ ይተዉት። ጎማው በዝግታ ቢዞር አይደንግጡ፤ ፍሬኑን ቀስ ብለው ይያዙ። ጎማው ቆሞ የሞተሩ ድምፅ ካልተለወጠ የኩሽኔታው መጎተት ብቻ ነው። ፍሬን ሲይዙ ሞተሩ የሚያቃስት ከሆነ ግን በፍሪሲዮኑ ውስጥ ያሉት ሸራ የለበሱ ጫማዎች በዙሪያቸው ያለውን ክብ ታምቡር እየነኩት ነው ማለት ነው፤ እርስዎ መንገድ ላይ ቆመው በሚጠብቁበት ደቂቃ ሁሉ ሸራው እየተፋቀ ነው።

የእኔም ጥፋት ከዚሁ ጀመረ። ጠዋት ጠዋት ሞተሩ እየጠፋ ሲያስቸግረኝ የሚኒሞዋን ብሎን ሩብ ዙር አጠበቅኩ፤ ሲሻለው ጊዜ ሌላ ሩብ ጨመርኩ። ሩብ ዙር ምን ያደርጋል ይሉ ይሆናል። ጫማዎቹን ወደ ውጭ የሚወረውረው ኃይል ከዙሩ ጋር እኩል አያድግም፤ ከዙሩ ካሬ ጋር ነው የሚያድገው። በደቂቃ 2,000 ዙር የነበረው ሞተር 3,000 ሲደርስ ዙሩ የጨመረው በግማሽ ነው፤ ጫማዎቹን የሚገፋው ኃይል ግን ከሁለት እጥፍ አልፏል። ጫማዎቹን ወደ ውስጥ የሚስቡት ሞላዎች ያንን መመለስ አይችሉም። ጫማዎቹ ታምቡሩን እየዳሰሱ ያሞቁታል፤ ሞላው በሙቀቱ ይለዝባል፤ የለዘበ ሞላ ደግሞ ከበፊቱ ባነሰ ዙር ጫማውን ይለቅቃል። ከዚያ በኋላ ብሎኗን ወደ ቦታዋ ቢመልሷትም ፍሪሲዮኑ መጎተቱን አይተውም።

የመጀመሪያው ሲበላሽ ወደ ሸጠልኝ ሰው ይዤው ሄድኩ። ዕቃውን አንሥቶ አሸተተው፤ ቀና ብሎ ሳያየኝ «አነዳድዎ ነው» አለኝና መልሶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ነገሩ አናደደኝና እልህ ይዞኝ ሌላ ገዛሁ፤ ሚኒሞዋን ሳልነካ ገጠምኩት። ሦስት ሳምንት አልሞላውም። ዛሬም የሚያበሳጨኝ አልመልስም ማለቱ አይደለም፤ «ቆመው ሳለ ጎማው ይዞራል ወይ?» የምትል አንዲት ጥያቄ ቢጠይቀኝ ሁለተኛውን ግዢ ያድነኝ ነበር። እኔም ደግሞ ለራሴ አልጠየቅኩትም።

ሞተሩ ጠዋት ጠዋት የሚጠፋበትን ምክንያት ያገኘሁት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በካርቡራቶሩና በሲሊንደሩ መካከል ያለችው ስስ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) አንድ ጠርዟ ላይ ተሰንጥቃ ትርፍ አየር ታስገባ ነበር። እሷን ስቀይር ሚኒሞው ያለ ምንም ማጥበቅ ጸና። ስለዚህ የእርስዎም ሚኒሞ ከፍ ያለ ከሆነ ዝቅ ያድርጉት፤ ዝቅ ሲል የሚጠፋ ከሆነ ችግሩ ፍሪሲዮኑ ዘንድ የለም፤ ካርቡራቶሩን ያጽዱ፤ መጋጠሚያዎቹንም ይፈትሹ።

ሁለተኛ፣ ፍሪሲዮኑን ይክፈቱት። ፍሪሲዮኑን የያዘው ዳዶ አልፈታ ሲል ካቻቪቴ በሞተሩ ማራገቢያ መካከል አይሰኩ፤ እኔ ሰክቼ አንዱን ክንፍ ሰብሬዋለሁ። ካንዴላውን አውልቀው፣ ባለ አራት ምት ሞተር ከሆነ ሁለቱም ቫልቮች በተዘጉበት የመጭመቂያ ምት ላይ፣ ለስላሳ ገመድ በቀዳዳው ያስገቡ፤ ጫፉን ውጭ ይተዉት። ፒስተኑ ገመዱን ተደግፎ ይቆማል፤ ዳዶውም ይፈታል። የሚፈታበትን አቅጣጫ ግን አስቀድመው ያረጋግጡ፤ ጥርሱ ግራ የሆነ አለ።

ውስጡን ሲያዩ በመጀመሪያ የታምቡሩን ውስጠኛ ግድግዳ ይመልከቱ። የእኔ እንደ ርግብ አንገት ሰማያዊና ወይን ጠጅ ሆኖ ነበር፤ ብረት ያን ቀለም የሚይዘው ሙቀቱ ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ነውና ሞላዎቹ በዚያ እሳት ውስጥ ምን እንደደረሰባቸው ያስቡት። ሞላውን ከጫማው አውልቀው ብርሃን ላይ ይያዙት። ደህናው ሞላ ሲፈታ ጥምዝምዞቹ ተጠጋግተው ይገጥማሉ፤ የእኔ ግን በመሐላቸው ብርሃን ያሳልፍ ነበር። አንዱ ብቻ ቢሞትም ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይቀይሩ፤ አለበለዚያ አንዱ ጫማ ቀድሞ እየነከሰ በመነሻ ላይ ያንቀጠቅጥዎታል።

የሸራውን ብናኝ በአፍዎ አይንፉት፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት። ሸራው እንደ መስታወት ካብለጨለጨ፣ ነገር ግን ውፍረቱ ደህና ከሆነ፣ የብርጭቆ ወረቀት ደረቅ አድርገው ማብለጭለጩ እስኪጠፋ ብቻ ይሹት፤ ታምቡሩንም በፍሬን ማጽጃ አጥበው በደንብ ያድርቁት። ዘይት የጠጣ ሸራ ካገኙ ግን በማጠብ አይድከሙ፤ ሲሞቅ የጠጣውን መልሶ ያወጣዋል። የዘይቱን ምንጭ ሳይደፍኑም አዲስ አይግጠሙ፤ ብዙውን ጊዜ ከፍሪሲዮኑ ጀርባ ያለው የክራንክሻፍት ዘይት ማገጃ ጎማ ነው። ግራሶ የሚፈልገው የታምቡሩ ኩሽኔታ ብቻ ነው፤ እሱም ክፍት ዓይነት ከሆነ የክብሪት ራስ የምታህል ትበቃዋለች፤ ከዚያ የበዛው ተሽከርክሮ ሸራው ላይ ይረጫል።

ሦስተኛው አነዳድ ነው፤ እዚህ ላይ ያ ሰውዬ ግማሽ እውነት ነበረው። ከቆሙበት ሲነሱ ፔዳሉን ሁለት ሦስት ዙር ረግጠው ብስክሌቱ መንቀሳቀስ ከጀመረ በኋላ ነዳጅ ይስጡት። ዳገት ላይ ቆመው በነዳጅ ብቻ ብስክሌቱን እንዳይንሸራተት አይያዙት፤ ፍሬን ይያዙ። እኔ ሰዎች እየረገጥኩ ሲያዩኝ «ሞተሩ ምን ሊሠራ ነው ታዲያ?» ይሉኝ ስለነበር አፍሬ ትቼው ነበር።

ዛሬ ማታ የጎማውን ፈተና ብቻ ያድርጉና ሞተሩ አቃሰተ ወይስ አላቃሰተም የሚለውን እዚሁ ይጻፉልኝ፤ የሚቀጥለው ሥራ ካርቡራቶሩ ላይ ይሁን ሞላው ላይ ከዚያ ይታወቃል።