ከኢዋኩራ ጫማ ይጀምሩ

መምህር፣ የሜጂ ዘመን (ከ1868 እስከ 1912፣ አገሪቱ ወደ ዘመናዊነት የተሻገረችበት) ጃፓንን በምስል ለማስተማር ከየትኛው ፎቶ መጀመር እንደሚሻል ጠይቀዋል። እኔ መጀመሪያ የተሳሳትኩትን ልንገርዎት። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የንጉሠ ነገሥቱን የሜጂን ሁለት ፎቶዎች ጎን ለጎን አሳየሁ። አንዱ የ1872፣ በቤተ መንግሥት የባህል ልብስ። ሌላው የ1873፣ ጸጉራቸውን ተቆርጠው በአውሮፓ ወታደር ልብስ። ክፍሉ በጣም ወደደው። ከዚያ አንዱ ልጅ ደብተሩ ላይ «ጃፓን በአንድ ዓመት ሠለጠነች» ብሎ ጻፈ። ትምህርቴ ገደል ገባ።

አሁን የምጀምረው የጃፓን መንግሥት ወደ አሜሪካና አውሮፓ የላካቸው የኢዋኩራ ልዑካን በ1872 ሳን ፍራንሲስኮ ከተነሱት ፎቶ ነው። አምስት ናቸው። አራቱ ሱፍ ለብሰዋል። መሃል የተቀመጠው መሪያቸው ኢዋኩራ ቶሞሚ ግን በኪሞኖ፣ በጃፓን የባህል ልብስ ነው፤ ጸጉሩም አናቱ ላይ እንደተቋጠረ። እኔ «ከላይ እስከ ታች እዩት» ብዬ ዝም እላለሁ። ትንሽ ቆይቶ ከኋላ ወንበር «ቲቸር፣ ጫማው!» የሚል አይጠፋም። ኪሞኖ በቆዳ ጫማ! ክርክሩ ያኔ ይነሳል። ጫማውን ቀይሮ ጸጉሩን ለምን ተወ? ማን እንዲያየው ነው እንዲህ የለበሰው? በዚያው ጉዞ ቺካጎ ላይ ጸጉሩን መቆረጡን የምነግራቸው ክርክሩ ከጋለ በኋላ ነው። ቀድመው እንዳይናገሩ።

ቀጥሎ የእንጨት ህትመት ሥዕሎች። ቶኪዮ ውስጥ ታካናዋ በሚባል ሰፈር ባቡር በባህር መሃል ሲሄድ የሚያሳዩ አሉ። ተማሪዎቼ «ሠዓሊው ቀባጥሯል» ይላሉ። እውነትም አንዳንዶቹ ባቡሩ ሥራ ሳይጀምር የተሳሉ ስለሆኑ ባቡራቸው ጉድ ነው። ባህሩ ግን እውነት ነው። ከቶኪዮው ሺምባሺ ጣቢያ ዮኮሃማ ከተማ የሚደርሰው 29 ኪሎ ሜትር ገደማ መስመር በ1872 ሲከፈት፣ እዚያ ጋ የሚያልፈው ባህር ውስጥ በተሠራ የድንጋይ ካብ ላይ ነበር። የጦር ሚኒስቴሩ መሬቴን አላስነካም ስላለ። ካቡ በ2019 ቶኪዮ ውስጥ ተቆፍሮ ተገኝቷል፤ የቁፋሮውን ፎቶ ከሥዕሉ አስከትለው ያሳዩ።

የሳሙራይ (የድሮ ጃፓን ባለሰይፍ ተዋጊ) ፎቶ ሲያወርዱ ግን ይጠንቀቁ። ብዙው ለፈረንጅ ቱሪስት እንዲሸጥ ስቱዲዮ ውስጥ ሰው አልብሰው ያነሱት ነው። ሰይፍ ታጥቆ መሄድ በ1876 ተከልክሏል፤ ከዚያ ወዲህ የተነሳ ከሆነ ይጠርጥሩ።

«እኛስ?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። የእኛ የ1931 ሕገ መንግሥት የጃፓንን የ1889 አርአያ አድርጎ ስለተጻፈ፣ ለእሱ ሌላ ክፍለ ጊዜ ይያዙ።

ፕሮጀክተር ከሌለዎት የኢዋኩራን ፎቶ ገጽ ሙሉ አድርገው ያሳትሙ። እኔ አንዴ ወረቀት ልቆጥብ ብዬ አራት ፎቶ በአንድ ገጽ አስወጣሁና ጫማው ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ቀረ።