ምኞቱ ለምን ይመለስብኛል? ለወንድማችን ጥያቄ የተሰጠ መልስ

የተወደድህ ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብሁት። ጌታን ከተቀበልህ ዓመታት ቢያልፉም፣ ለሥራ ወደ አዲስ አበባ መጥተህ ብቻህን ተከራይተህ መኖር ከጀመርህ ወዲህ ሌሊት በስልክህ የዝሙት ምስሎችን ወደ ማየት እንደምትመለስ፣ ጾመህና ጸልየህ ጥቂት ከቆየህ በኋላም እንደገና እንደምትወድቅ ጽፈሃል። መንፈስ ቅዱስ በአንተ ውስጥ ካለ ይህ ምኞት ለምን እንደማይተውህ፣ በመዘምራን ኅብረት ውስጥ ያለህንም አገልግሎት ማቆም ይገባህ እንደሆነ ጠይቀሃል። ይህ ውጊያ ለእኔም እንግዳ ስላልሆነ፣ በወጣቶች የጥናት ቡድን ባገለገልሁባቸው ዓመታትም ከብዙዎች ስለሰማሁት፣ ያየሁትንና የጠቀመኝን ልጽፍልህ ወደድሁ።

ከሁሉ በፊት፣ የምኞቱ መመለስ መንፈስ ቅዱስ እንደተለየህ ምልክት አይደለም። ጳውሎስ በገላትያ 5፥17 ሥጋ በመንፈስ ላይ፣ መንፈስም በሥጋ ላይ እንደሚመኝና ሁለቱ እርስ በርሳቸው እንደሚቃወሙ ሲናገር፣ የሚጽፈው መንፈስን በእምነት ለተቀበሉ ምእመናን ነው። እግዚአብሔርን አሳዘንሁ ብሎ እንደ አንተ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው በውስጡ የሚሟገትለት አለ። ይህን የምለው ውድቀቱን እንድትላመደው አይደለም፤ ያው ሐዋርያ በሮሜ 8፥13 በመንፈስ የሰውነትን ሥራ እንድንገድል ያዝዛልና፣ ከኃጢአት ጋር ተስማምቶ መኖር ለአማኝ የተፈቀደ መንገድ አይደለም።

አብዛኞቻችን የምንሸነፈው ውጊያውን የምንጀምረው በጣም ዘግይተን ስለሆነ ነው ብዬ አምናለሁ። ምኞት ዐይንንና አሳብን ከያዘ በኋላ እኩለ ሌሊት ላይ «ጌታ ሆይ፣ አድነኝ» ብሎ መጮኽ ከንቱ ባይሆንም፣ ያ ሰዓት ፈቃዳችን እጅግ የደከመበት ሰዓት ነው። ዳዊትን ተመልከት። የ2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 11 ታሪክ የሚጀምረው ከቤርሳቤህ ሳይሆን፣ ነገሥታት ወደ ሰልፍ በሚወጡበት ጊዜ እርሱ በኢየሩሳሌም ከመቅረቱ ነው፤ ወደ ማታ ከምኝታው ተነሥቶ በሰገነቱ ላይ ሲመላለስ ባያት ጊዜ መውደቂያው አስቀድሞ ተደላድሎ ነበር። ዮሴፍ ግን የጌታው ሚስት ዕለት ዕለት ስትጨቀጭቀው ከእርስዋ ጋር መተኛትን ብቻ ሳይሆን አብሯት መሆንንም እንቢ እንዳለ ዘፍጥረት 39፥10 ይነግረናል፤ ልብሱን ትቶ የሸሸበት ኃይል በዚያች ደቂቃ ብቻ የተገኘ አይመስለኝም። ገላትያ 5፥16ም «በመንፈስ ተመላለሱ፥ የሥጋንም ምኞት ከቶ አትፈጽሙ» ሲል መመላለሱን ያስቀድማል። እኛ ግን ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ምኞቱን አሸንፈን፣ ከነጻን በኋላ ወደ እግዚአብሔር ለመቅረብ እናስባለን።

ስለዚህ የአንተ ሌሊት የሚወሰነው ከሥራ ወጥተህ ወደ ቤትህ በምትገባበት ሰዓት ነው። ሮሜ 13፥14 ጌታን ኢየሱስ ክርስቶስን እንድንለብስ፣ ምኞቱንም እንዲፈጽም ለሥጋ እንዳናስብለት ያዝዛል። በቅናሽ የሚሸጠውን የሌሊት የኢንተርኔት ጥቅል መግዛት አቁም። ስልክህን ከአልጋህ አርቀህ በሩ አጠገብ ቻርጅ አድርገው፤ ለመነሻ ተራ የጠረጴዛ ሰዓት ይበቃሃል። የሚያስቸግርህንም መተግበሪያ አጥፋው፤ «ስብከትና መዝሙር የማዳምጠው በእርሱ ነው» የሚለውን ምክንያት ከብዙ ወጣቶች ሰምቻለሁ፣ አንድም ቀን ግን አልተቀበልሁትም። በ386 እ.ኤ.አ. ሚላን ውስጥ በአንድ የአትክልት ስፍራ፣ ኋላ የቤተ ክርስቲያን ታላቅ መምህር የሆነው አውግስጢኖስ ገልጦ ያነበበው፣ ሕይወቱም የተለወጠበት ቃል ይኸው የሮሜ 13 ቃል ነው። እርሱ በወጣትነቱ ንጽሕናን እንዲሰጠው፣ ነገር ግን ወዲያው እንዳይሆን ይጸልይ እንደነበር ራሱ መስክሯል። ስልክን ከትራስ ሥር አድርጎ የሚጸለይ ጸሎትም እንደዚያው ለሁለት የተከፈለ ነው።

በር መዝጋት ብቻውን ግን አያድንም። ጌታ በማቴዎስ 12 ርኩስ መንፈስ ወጥቶለት ባዶ የተገኘ ሰው ኋላው ከፊተኛው እንደሚብስበት ተናግሯል። እኔን እጅግ የጠቀመኝ ሮሜ ምዕራፍ 8ን በቃሌ መያዝ ነበር፤ በታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ ማታም ራት ሳበስል ጥቂት ጥቂት እየደጋገምሁ ያዝሁት፤ ከዚያ በኋላ ፈተናው ሲመጣ ቃሉ ሳልፈልገው ወደ አፌ ይመጣ ጀመር። ጌታችንም በምድረ በዳ ለዲያብሎስ ሦስቱንም ጊዜ የመለሰለት ከኦሪት ዘዳግም በጠቀሰው ቃል ነው።

ጾምህን እንዳታቆም እለምንሃለሁ፤ ነገር ግን ለውድቀትህ የምትከፍለው ዕዳ አታድርገው። ቆላስይስ 2፥23 ሰውነትን መጨቆን ጥበብ ቢመስልም ሥጋን ለመከልከል እንደማይረባ ይናገራል። ስትወድቅ በዚያው ሌሊት ተነሥተህ ተናዘዝ። 1ኛ ዮሐንስ 1፥9 ይቅርታውን የሚያያይዘው ከእግዚአብሔር ታማኝነትና ጽድቅ ጋር እንጂ ከሐዘናችን ብዛት ጋር አይደለም። ብዙ ወጣቶች ከውድቀቱ ይልቅ ከውድቀቱ በኋላ በሚመጣው ኀፍረት ከጸሎት ሲርቁ፣ በራቁም መጠን ደግመው ሲወድቁ አይቻለሁ።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ብቻህን መሆንህ ነው። «በመንፈስ ተመላለሱ» የሚለው ትእዛዝ የተሰጠው እርስ በርሳቸው ይነካከሱ ለነበሩ የገላትያ ምእመናን ነው፤ ጳውሎስም ከሥጋ ሥራ ጋር ዝሙትን ብቻ ሳይሆን ጥልን፣ ቅንዓትንና ቁጣን ቈጥሯል። በቡድናችን ውስጥ እንዳስተዋልሁት፣ ሌሊት የሚወድቁት ብዙዎቹ ቀኑን በቂም፣ ከአለቃ ጋር በተደረገ ጭቅጭቅ ወይም የሚያናግራቸው ሰው አጥተው ያሳለፉት ናቸው። አንተም የምትወድቅባቸው ቀናት እንዴት እንደዋሉ መርምር። ያዕቆብ 5፥16 እርስ በርሳችሁ ተናዘዙ ይላልና፣ በእምነት የበሰለ፣ ምስጢር የሚጠብቅ አንድ ወንድም ፈልግ፤ «በአሳብ እየተፈተንሁ ነው» በሚል በተሸፈነ ቃል ሳይሆን፣ ምን እንዳየህና መቼ እንዳየህ በግልጽ ንገረው። በየሳምንቱ በተወሰነ ምሽት እንዲጠይቅህ ለምነው፤ ከእሑድ አምልኮ ሌላ በሰፈርህ የቤት ኅብረት ካለም ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ተገኝ። እኔ እንዲህ ያለ ታላቅ ወንድም ባላገኝ ኖሮ ከላይ የጻፍሁልህ ምክር ሁሉ በእኔ ሕይወት ብዙ ባልቆየ ነበር።

ስለ መዘምራን አገልግሎትህ አንተ ብቻህን አትወስን፤ እዚህ የምንመልስልህም ሰዎች ልንወስንልህ አይገባም። ለመሪህ ወይም ለአንድ ሽማግሌ በአካል ቀርበህ አስረዳ። ለጥቂት ጊዜ እንድታርፍ ቢመክሩህ እንደ ቅጣት አትቁጠረው፤ በገላትያ 6፥1 የተሰጣቸው አደራ የወደቀውን በየውሃት መንፈስ ማቅናት ነው። የሚነቅፍህ እንጂ የሚያቀናህ መሪ ካላገኘህ፣ ከዚያው ጉባኤ ሌላ ሽማግሌ ጠይቅ፤ እስከዚያው በውስጥ መስመር ብትጽፍልኝ አብሬህ እጸልያለሁ።